ደም ውስጥ ያለ ሁሉ አንጎል አይደርስም

ሰሞኑን አንድ የመንዝ ልጅ ደብረ ብርሃን ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገባና ስልኩን ዘረጋልኝ። አባቱን ፓርኪንሰን የሚባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ ይዟቸዋል። ስልኩ ላይ ያለው ማስታወቂያ «የአንጎል ሴል የሚያሳድግ ፕሮቲን በእንክብል» ይላል። ዋጋው ሁለት ሙክት ያሸጣል። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለአባቴ ይሆናቸዋል?» አለኝ። ለአባቱ እየሳሳ የሚጠይቅ ልጅ ነው። እንዲያው በደፈናው «ተወው» ብዬ ልሸኘው አልቻልኩም።

ነገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማስረዳቱ ቀላል ነበር። ግን አይደለም። የአንጎል ሴልን የሚንከባከቡ ፕሮቲኖች በእርግጥ አሉ። ሳይንሱም የታወቀ ነው። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ፕሮቲኑ ከደም ወጥቶ አንጎል የሚገባው በየት በኩል ነው? ማስታወቂያው ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

እነዚህን ፕሮቲኖች ባለሙያዎች ግሮውዝ ፋክተር ይሏቸዋል። እኔ አሳዳጊ ፕሮቲን እላቸዋለሁ። አንድ ሴል ለሌላው የሚልካቸው መልእክቶች ናቸው። እደግ፣ ተባዛ፣ ቅርንጫፍ አውጣ፣ አትሙት ይላሉ። መልእክቱን የሚሰማው ግን ተቀባይ ያለው ሴል ብቻ ነው። ተቀባይ የምንለው ሴሉ ላይ የተተከለና ያንን መልእክት ለይቶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ነው።

የመጀመሪያዋን አሳዳጊ ፕሮቲን ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ የተባሉ ጣሊያናዊት ሐኪም ናቸው። ሞሶሎኒ በ1938 አይሁዶችን ከዩኒቨርሲቲ የሚያባርር ሕግ ሲያወጣ እሳቸውም ሥራቸውን አጡ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቱሪን ከተማ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። የዶሮ እንቁላል እየገዙ የጽንሱን ነርቮች ማጥናት ቀጠሉ። በዚያው ዘመን እዚህ እኛ አገር ራስ አበበ አረጋይና የሸዋ አርበኞች የዚያኑ ሰውዬ ጦር በየገደሉ ይገጥሙ ነበር። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ሳስባቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሴትዮዋ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዱ። በ1950ዎቹ ከስታንሊ ኮኸን ጋር ሆነው ነርቭ አሳዳጊውን ኤንጂኤፍን ለይተው አወጡ። ከየት ቢሉ፣ ከእባብ መርዝና ከአይጥ ምራቅ እጢ። በ1986 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ረዘመ። በ1982 ቢዲኤንኤፍ ከአሳማ አንጎል ተገኘ። በ1993 ጂዲኤንኤፍ ታወቀ። ይህኛው በፓርኪንሰን የሚሞቱትን፣ የነርቭ ሴሎች የሚላላኩበትን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመርቱ ሴሎች ስለሚደግፍ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። ጉበት በብዛት የሚያመርተው አይጂኤፍ-1 ደግሞ አጥንትና ጡንቻ ያሳድጋል፣ አንጎልንም ይደግፋል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ብዙ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ግን የሆድን ጉዳይ እንጨርስ። በአፍ የተዋጠ ፕሮቲን ጨጓራና አንጀት ውስጥ ፕሮቲን ወደሚገነባባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ወደ አሚኖ አሲድ ይበታተናል። ሽሮም ይሁን እንቁላል ወይም ያ ውድ እንክብል፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ ልዩነት የላቸውም። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን በመርፌ የሚወጋው ለዚህ ነው። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነውና ቢዋጥ ይፈጫል። እንክብሉ እዚህ ላይ አለቀለት። በመርፌ ቢሰጥስ? ደም ውስጥ ይገባል። ከደም ወደ አንጎል ያለው መንገድ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

በ1885 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ጨመረ። ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ጡንቻው ቀለሙን ያዘ። አንጎሉ እንደነጣ ቀረ። ኤርሊክ «አንጎል ይህን ቀለም አይስብም» ብሎ አለፈው። በ1913 ኤድዊን ጎልድማን ሙከራውን ገለበጠው። ቀለሙን በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ጨመረ። አሁን አንጎሉ ቀለም ያዘ፣ ሌላው አካል ግን አልተነካም። አንጎል ቀለሙን ይስባል ማለት ነው። መሃል ላይ የሚያግድ ነገር አለ። ይህ ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ የታየው በ1967 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። የደም ስሩ ግድግዳ ራሱ ነበር።

በሌላው አካላችን የደም ስር ሴሎች መካከል ብዙ ነገር ሊሾልክ ይችላል። አንጎል ውስጥ ያሉት ግን ጠርዝ ለጠርዝ ጥብቅ ብለው ተገጣጥመዋል። በውጭ በኩል ደግሞ ደጋፊ ሴሎች ከበዋቸዋል። የደምና የአንጎል አጥር የሚባለው ይህ ነው። በአንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ቢቀጣጠሉ ርዝመታቸው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ሁለቴ ደርሶ መልስ ቢኬድ እንኳ ይህን አይሞላም። ያ ሁሉ ርዝመት ታጥሯል። ለዚህም ነው ነገሩ የሚያስቆጨው። ፕሮቲኑ ከነርቭ ሴሉ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ርቀት ላይ እያለፈ ነው፤ ግን አይገባም።

የአንኮበርን ታሪክ ለሚያውቅ አሠራሩ አይከብደውም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር ዳርቻ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር ግርጌ ባለችው አልዩ አምባ ላይ ይቆማል። ቀረጥ ይከፍላል፣ ፈቃድ ይጠብቃል። ግመሉ ዳገቱን አይወጣም። ጭነቱ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎ፣ በሰው ትከሻ ሽቅብ ይጓዛል። ባዶ እጁን የሆነ እረኛ ግን በየትኛውም የገደል አቋራጭ ሽው ብሎ ይወጣል። አንጎልም ጋ እንዲሁ ሁለት ዓይነት መንገደኛ አለ። ኦክስጅን፣ አልኮል፣ ካፌይን ትንንሽ ስለሆኑና በሴሉ ቅባታማ ሽፋን ውስጥ ማለፍ ስለሚችሉ ማንንም ሳይጠይቁ ይገባሉ። አረቄ ቶሎ ራስ ላይ የሚወጣው፣ ቡናም የሚያነቃው ለዚህ ነው። የካፌይን ክብደት በሞለኪውል መለኪያ 194 ዳልተን ነው። እንዲህ ሹልክ ብሎ ለማለፍ በአብዛኛው ከ400 እስከ 500 ዳልተን በታች መሆን ይፈልጋል። አይጂኤፍ-1 7,600 ያህል ይመዝናል። ኤንጂኤፍ ደግሞ 26,000። ባለ ከባድ ጭነት ናቸው፣ አራጋፊና ተሸካሚ ያስፈልጋቸዋል።

ተሸካሚው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት የአይጂኤፍ-1 ሞለኪውል በደም ውስጥ ትጓዛለች። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ፕሮቲን ይዟታል። ተይዛ እያለች የትም አትገባም። ስትለቀቅ የደም ስሩ ግድግዳ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ትገናኛለች። የሴሉ ሽፋን እዚያ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስርጉዱ አፉን ይገጥምና ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ሞለኪውሏን ይዞ በሴሉ ውስጥ ወደ ማዶ ይሄዳል። ግድግዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን ዕጣዋ ይወሰናል። ከረጢቱ በአንጎል በኩል ከተከፈተ ትገባለች። አቅጣጫውን ስቶ ሴሉ ቆሻሻ ወደሚያፈርስበት ክፍል ከሄደ ግን እዚያው ትበታተናለች።

ኢንሱሊን፣ ብረት ተሸካሚው ትራንስፈሪን፣ የጥጋብን ወሬ የሚያደርሰው ሌፕቲን፣ ሁሉም የየራሳቸው ተቀባይ ኖሯቸው በዚህ ዓይነት መንገድ ይገባሉ። ተቀባይ የሌለው ውጭ ይቀራል። በደማችን ውስጥ ከሁሉ የበዛው ፕሮቲን አልቡሚን ነው። በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ግን ደም ውስጥ ካለው 200ኛ እጅ አካባቢ ብቻ ነው። ብዛት ብቻውን በር አይከፍትም። በ2014 የታተመ የሃርቫርድ ጥናት ደግሞ የአንጎል ደም ስር ሴሎች ከረጢት እንዳይበዛ ራሳቸው እንደሚያፍኑ በአይጥ አሳይቷል። ይህን የሚቆጣጠረው ጂን ሲጠፋ መጋጠሚያዎቹ ምንም ሳይሆኑ አጥሩ ማፍሰስ ጀመረ። ስለዚህ የአንጎል ደም ስር ዝም ብሎ የቆመ ግንብ ሳይሆን ሥራ ላይ ያለ ሕያው አካል ነው።

ሌሎች መግቢያዎችም አሉ። በአንጎል ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ኮሮይድ ፕሌክሰስ የሚባል የደም ስር ጉንጉን አለ። በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመነጫል፤ አይጂኤፍ-1 በሱም በኩል ይገባል። ከአንጎል በስተኋላ ዝቅ ብሎ ደግሞ አጥሩ ሆን ተብሎ የላላበት ትንሽ ቦታ አለ። ደም ውስጥ መርዝ ሲገባ ቀምሶ የሚያስታውከን እሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ እዚህ ሲያድር ኩላሊቱ ቀይ የደም ሴል የሚያበዛውን ኢፒኦ የተባለ ፕሮቲን ይጨምራል። ኢፒኦ ነርቭንም ይጠብቃል። ግን ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው፤ አንጎል የራሱን ኢፒኦ እዚያው ያመርታል። ቢዲኤንኤፍንም አንጎል ራሱ ይሠራዋል። ከደም ምን ያህል እንደሚገባ ግን ተመራማሪዎቹ እስካሁን አልተስማሙም። አንዱ ቡድን ያልፋል ሲል ሌላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ይላል። በ1990ዎቹ ኤኤልኤስ ለሚባለው ጡንቻ አመንማኝ የነርቭ በሽታ በመርፌ ተሰጥቶ ተሞክሮ ነበር። ሕሙማኑን አልረዳቸውም።

አሁን ወደ አይጂኤፍ-1 እንመለስ። ከሁሉም የሚያስደስተኝ የእሱ ታሪክ ነው። በ2000 አካባቢ ማድሪድ ያሉ ተመራማሪዎች አይጦችን አስሮጡ። የሚሮጡት አይጦች አንጎል ከደም የሚወስደው አይጂኤፍ-1 ጨመረ። ትውስታ የሚያዝበት የአንጎል ክፍልም አዳዲስ ሴሎችን አበዛ። ከዚያ ፕሮቲኑ አንጎል እንዳይገባ እሱን ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ዘጉት። አይጦቹ እንደ በፊቱ ሮጡ፣ ግን አዲሶቹ ሴሎች አልበዙም። እግር የሠራው ሥራ አንጎል ላይ የታየው በደም በኩል በተላከ ፕሮቲን ነበር ማለት ነው።

በ2010 የዚያው ቡድን ሥራ ይበልጥ አስገረመኝ። የአይጥን ጢም ሲነካኩ ከጢሙ ስሜት የሚቀበለው የአንጎል ክፍል፣ እሱ ለብቻው፣ ከደም ብዙ አይጂኤፍ-1 ወሰደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ነርቮቹ ሥራ ሲበዛባቸው ምልክት ይለቃሉ። በአካባቢው የደም ስር ይሰፋል። አይጂኤፍ-1ን ይዞ የቆየውን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይነቃል። አይጂኤፍ-1 ይለቀቃል፣ ተቀባዩም ተቀብሎ ያሳልፈዋል። የሠራው የአንጎል ክፍል የሚፈልገውን ጠርቶ ያስመጣል እንጂ ፕሮቲኑ በሁሉም ቦታ እኩል አይታደልም። ይህ የአይጥ ጥናት ነው፤ ሰው ላይ ቃል በቃል አልገለብጠውም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ ቁና ቁና እየተነፈሱ የሚሮጡትን ወጣቶች ሳይ ያ ጥናት ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ አለ። ጉበት አይጂኤፍ-1 የሚያመርተው የእድገት ሆርሞን ሲያዘው ነው፤ ትእዛዙን ለመፈጸም ግን በቂ ምግብ፣ በተለይም ፕሮቲን ይፈልጋል። በጣም የተጎሳቆለ ልጅ ደም ሲመረመር ብዙ ጊዜ የእድገት ሆርሞኑ ከፍ ብሎ፣ አይጂኤፍ-1 ዝቅ ብሎ ይገኛል። ትእዛዙ ይጮኻል፣ ጉበት ግን ምን ይዞ ይሥራ? በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረዋል። በእርግጥ ሕፃን ልጅ አንጎሉ የራሱንም አይጂኤፍ-1 ይሠራል፤ የመቀንጨር ምክንያትም ብዙ ነው። ግን ለልጁ «አእምሮ የሚያሳድግ» ዱቄት ሊገዛ የሚመጣ ወላጅ ሳይ በዚያ ብር ምን ያህል እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላና ምስር እንደሚገዛ እነግረዋለሁ። ገብሱ ላይ ባቄላ ሲጨመር የአንዱ ፕሮቲን የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ይህን የመንዝና የጣርማ በር እናቶች እኔ ሳልነግራቸውም ያደርጉታል፤ ባቄላው ሲገኝ።

አጥሩ የሚላላበት ጊዜም አለ። በማጅራት ገትር ጊዜ የአንጎል ሽፋን መቆጣቱ የደም ስሩን መጋጠሚያ ያላላዋል። ፔኒሲሊን በደህና ጊዜ ወደ አንጎል የሚገባው ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት ግን ይበልጥ ስለሚገባ ሕይወት ያተርፋል። ታዲያ አጥሩን እያላላን አሳዳጊ ፕሮቲኑን ብናስገባስ? ሲላላ የሚፈለገው ብቻ አይገባም። አልቡሚኑም ሌላውም ጣጣ ተከትሎ ይገባል፣ አንጎልም ያብጣል።

ልጁን «አባትህ አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው?» አልኩት። ሌቮዶፓ ነው። «ከምግብ ጋር ነው የሚወስዱት?»

«አዎ፣ ከምሳ ጋር። ሥጋ የበሉ ቀንማ ጭራሽ አልይዝ ይላቸዋል።»

ይህ ለእኔ የቀኑ ትልቁ ወሬ ነበር። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አንጎል የጎደለው ዶፓሚን ነው። ዶፓሚን ራሱ ቢሰጥ አጥሩን አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ራሱ አሚኖ አሲድ ስለሆነ በአሚኖ አሲዶች በር ይገባና ውስጥ ዶፓሚን ይሆናል። ሥጋ ሲበላ ደም በአሚኖ አሲድ ይሞላል። አንጀትም ጋ አንጎልም ጋ በዚያው በር ግፊያ ይሆናል፣ መድኃኒቱም ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውሰድ ይመከራል። ባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎችም ስላሉ ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር እንዲያስተካክሉ ነገርኩት። ሥጋውን ጨርሶ መተው ግን አያስፈልግም፤ ለሽማግሌ ሰው ፕሮቲን ያስፈልጋል። ለእንክብሉ የታሰበው ብርም ለሐኪም ቀጠሮና ለመጓጓዣ ይሁን አልኩት።

የዶፓሚን ሴሎችን የሚደግፈው ጂዲኤንኤፍስ? ተሞክሯል። አጥሩን ስለማያልፍ የራስ ቅል ተበስቶ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ አንጎል ውስጥ ተለቀቀ። በእንግሊዝ ብሪስቶል የተደረገው ሙከራ ውጤት በ2019 ታተመ። ለማነጻጸሪያ መድኃኒቱ የሌለበት ፈሳሽ ከተሰጣቸው ሕሙማን ጋር ሲነጻጸር በዋናው መለኪያ ልዩነት አላሳየም። ቱቦ ማስገባት ደግሞ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለስንት ሰው ይዳረሳል?

ተመራማሪዎች አሁን ይበልጥ የሚሞክሩት በተከፈተው በር መግባትን ነው። ትራንስፈሪንን የሚቀበለውን ተቀባይ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይሠሩና የሚፈለገውን ፕሮቲን ያያይዙበታል። ተቀባዩ ብረት ያሳለፈ መስሎት አብሮ ያሳልፈዋል። መጀመሪያ ላይ ይበልጥ አጥብቆ የሚይዝ ይሻላል ተብሎ ነበር። በ2011 የታተመ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። በጣም አጥብቆ የያዘው ማዶ ሲደርስ አልላቀቅ ብሎ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ላላ ብሎ የያዘው ግን ተለቅቆ አንጎል ውስጥ ይገባል። በ2021 ጃፓን በዚህ መንገድ የሚገባ አንድ ኢንዛይም ሃንተር ሲንድረም ለሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታ መድኃኒት እንዲሆን ፈቀደች። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ስር ይሰጣል። አሳዳጊ ፕሮቲኖችንም በዚሁ መንገድ አያይዞ ለማስገባት በእንስሳት ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ለፓርኪንሰን ግን እስካሁን ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አልደረሰም፤ የደረሰ ቀን ደግሞ በእንክብል ሳይሆን በሐኪም እጅ በመርፌ ነው የሚመጣው።